የአምበሩ ቅርጫ

የጋሽ ወልደ ሰንበት በሬ በጠፋ በአራተኛው ቀን ቆዳው ብቻ ተገኘ። የተገኘውም ቢቸና መናኸሪያ፣ ሞጣ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ፣ በሽማግሌው የቆዳ ነጋዴ በአቶ ሐምዱ ጆንያ ውስጥ ነበር።

በማግሥቱ ጧት ሳጅን ፋንታ ሐምዱ የፈረሙበትን የእምነት ቃል አምጥቶ መርማሪዋ ይርጋነሽ ፊት አኖረ። ጥርሱ አልከደን ብሏል።

«አለቀ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

ይርጋነሽ አነበበችው። ‹በሬውን ሰርቄ፣ አምበር ወስጄ፣ ለሚካኤል ቅርጫ አረድሁት› ይላል። ደግማ አነበበችው።

«ሐምዱ ሙስሊም አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው።»

«ታዲያ እሳቸው ያረዱትን የትኛው ክርስቲያን ነው ለሚካኤል የተካፈለው?»



ሐምዱን አስጠራቻቸው። የእጃቸው አንጓ አብጧል።

«ይህ ወረቀት በዱላ የመጣ ነው፤ ማስረጃ አይሆንም» አለች። ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሼ፣ መናገር አይገደዱም። ዝም ማለት መብትዎ ነው። ከተናገሩ ግን ቃልዎ ፍርድ ቤት ሊቀርብብዎ ይችላል።»

ሐምዱ ዝም አሉ።

«አየሽ?» አለ ፋንታ። «ንጹሕ ቢሆኑ ይናገሩ ነበር።»

«ዝምታቸውን ወንጀል አታድርገው። ይልቅ ስለ ቅርጫው ማን ነገረህ?»

«ስጦታው። የጋሽ ወልደ ሰንበት የልጃቸው ባል። ሲያርዱ አይቻለሁ ብሎ ራሱ ነው የመጣው።»

«አንተም የሱን ወሬ በእሳቸው ስም ጻፍህ።»

መልሱን አልጠበቀችም። ሹፌሩን ቀስቅሳ አምበር ገሠገሠች። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ካልተመለሰች ሰውዬው ባልሠሩት ወንጀል ታስረው ሊቀሩ ነው።

ቅርጫውን ማግኘት አልከበዳትም። ስምንት ቤት በአደባባይ የተካፈለውን ሥጋ ማን ይደብቀዋል? ከተካፋዮቹ አንዷ ወይዘሮ አስናቀች ናቸው።

«ስጦታው ነዋ ያረደልን፤ እዚሁ ግቢዬ ውስጥ። አማቴ የሰጠኝ በሬ ነው አለን። ቆዳውንም ለሞጣው ነጋዴ ሲሸጥ አይቻለሁ።»

ስጦታው ከቤቱ ተይዞ መጣ። ይርጋነሽ ዝም የማለት መብቱን ለሱም ነገረችው። እሱ ግን ሦስት ዓመት ያፈነው ነገር ነበረው።

«አማቴ ለሠርጌ በሽማግሌ ፊት ቃል የገቡልኝ በሬ ነው። ዛሬ ነገ እያሉ አሞኙኝ። ወሰድሁት። ቆዳው ሲያዝ ነጋዴው ስሜን ሳይጠራ ልቅደመው ብዬ መጣሁ።»

ሐምዱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተፈቱ።

«ጋሼ፣ ቆዳውን ማን እንደሸጠልዎ ለምን አልነገሩኝም?»

«ትናንት እንደተያዝሁ ተናግሬ ነበር፣ ልጄ። ስሙን ስጠራ ነው የተመታሁት።»

ይርጋነሽ አፈረች። በራሷም፣ በለበሰችው የፖሊስ ልብስም አፈረች። አዲስ ወረቀት አወጣች።

«ስለ ዱላውስ ቃል ይሰጣሉ? እምቢ ማለትም ይችላሉ።»

ፋንታ በሩ ላይ ቆሟል። ሐምዱ አንድ ጊዜ አዩት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ጻፊ» አሏት።