የመሳሚያው በር

ስሙኝማ... ይሄ ከሰው የሰማሁት ተረት አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

ቅዳሜ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት። እኛ ጋ፣ ዌልስ ውስጥ፣ ሐምሌ በጋ ነው፤ ፀሐይዋ ገና ታቃጥላለች። ጨለማ የለ፣ ጭጋግ የለ።

እኔና እጮኛዬ ኤምሪስ ወንዙ ከባሕር የሚገናኝበትን ዳርቻ ይዘን እንሄዳለን። ከዚያ ተራራው ላይ ልንወጣ አስበናል። በመስከረም ልንጋባ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ... እኔ ቀናተኛ ነኝ። ዳቦ ቤት ያለችው ልጅ ፈገግ ካለችለት እንኳ ዳቦው አይዋጥልኝም።

ለዚህ ነው ቶሎ ያየሁት።

ኤምሪስ በግራው በኩል ቦታ ትቶ ነበር የሚሄደው።

መንገዱ ጠባብ ነው። እኔ በቀኙ ጭቃው ውስጥ እየሰጠምኩ ነው። በግራው ግን አንድ ሰው የሚያስኬድ ደረቅ መሬት... ባዶ።

«ወደዚያ ጠጋ በል እንጂ!» አልኩት።

«ቦታ የለም እኮ» አለኝ።

ትንሽ እንደሄድን አክስት ማይርን አገኘናቸው። የመንደራችን ሰው ናቸው፤ ውሃው ሲሸሽ አሸዋው ላይ የሚበላ ዛጎል ይለቅማሉ። ቀና አሉና ፀሐዩን በእጃቸው ከልለው አዩን።

«ነስታ ልጄ፣ እንግዳ መጥቶላችኋል እንዴ?»

«የምን እንግዳ?»

ባልዲያቸውን አንስተው ወደ መንደር መራመድ ጀመሩ። ወሬ የሚወዱት ሴትዮ ደህና ዋሉም ሳይሉን ሄዱ።

ደሜ ፈላ። የምን እንግዳ?

ድንጋይ ላይ አረፍ አልን። ኤምሪስ እናቱ የጋገሩትን የዘቢብ ዳቦ አወጣና ሦስት ቦታ ቆረጠው። አንዱን ሰጠኝ። አንዱን ለራሱ ያዘ። ሦስተኛውን በግራው፣ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ።

«ያ የማን ነው?»

«የቱ?»

«አትቀልድብኝ ኤምሪስ!»

ሳቀብኝ። «አንቺ እኮ በጥላዬም ትቀኛለሽ።»

ተናድጄ ጎንበስ አልኩና የጫማዬን ክር አሰርኩ። ቀና ስል... ድንጋዩ ላይ ፍርፋሪ ብቻ ቀርቷል።

የኤምሪስ ዳቦ ገና አልተነካም።

ፈራሽ ትሉኛላችሁ? አልፈራሁም። ቀናሁ! ማናት? ከኔ ትበልጣለች? ከኔ በፊት የወደዳት ናት? ይሄን ነበር የማስበው። እብደት ነው፤ ግን እንደዚያ ነበርኩ።

ተራራው ሥር በጎች እንዳያልፉ የተሠራ ትንሽ የብረት በር አለ። በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው። አገሩ ሁሉ የመሳሚያው በር ይለዋል። ቀድሞ ያለፈ ሰው በሩን ይዞ ዐይኑን ይጨፍናል፤ ተከታዩ ካልሳመው አያሳልፈውም። ከልጅነታችን ጀምሮ የምንጫወተው ነው።

ቀድሜ አለፍኩና በሩን ያዝኩ።

ኤምሪስ ግን አልመጣም። ወደ ኋላው ዞሯል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ለኔ አይደለም። ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ አለና እንግዳ እንደሚያስቀድም ሰው እጁን ዘረጋ።

ኧረ አሁንስ በዛ! ቅናቴ አናቴ ላይ ወጣ።

«ማንም ይሁን ማን፣» ብዬ ጮኽኩ፣ «እኔን ስሞ ነው የሚያልፈው!»

ዐይኔን ጨፈንኩ።

ዝም...

በጎቹ እንኳ ድምፃቸው ጠፋ።

ከዚያ ተሳምኩ።

ከንፈሩ ቀዝቃዛ ነው። የባሕር ጨው ጨው ይላል።

በሩ ሲጢጥ... አለ። ዐይኔን ስገልጥ ኤምሪስ በኔ በኩል ቆሞ ፈገግ ብሏል። ከበሩ ማዶ ማንም የለም።

«እንሂድ፣ የኔ ፍቅር።»

ክንዱ ውስጥ ገባሁ። አሁን በግራው የተተወ ቦታ የለም። አንዴም ወደ ኋላው አልዞረም። እሰይ፣ አባረርኳት! አልኩ በልቤ።

ዳገቱን ስንወጣ እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። ኤምሪስ አስም አለበት፤ ያን ዳገት በወጣ ቁጥር ሦስት አራቴ ቆሞ ይስላል። ያን ቀን አልቆመም። ትንፋሹ እንኳ አይሰማም።

ይሄንንም በደስታዬ ብዛት ዝም ብዬ አለፍኩት።

ጫፉ ላይ ተቀመጥን። እጄን ያዘና ዐይኑን ፊቴ ላይ ተከለ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ስንት ጊዜ ተመኝቼዋለሁ መሰላችሁ!

«አሁን የኔ ብቻ ነህ» አልኩት።

«አንቺም» አለኝ።

ያኔ ከታች፣ ከሩቅ... ድምፅ ሰማሁ።

«ነስታ!... ነስታ!»

ወደ በሩ ተመለከትኩ።

ቢጫ ሸሚዝ የለበሰ ሰው በሩን በሁለት እጁ ይዞ ይነቀንቃል። ያ በር ቁልፍ የለውም፤ ሕፃን ልጅ ይከፍተዋል። ለሱ ግን እምቢ አለው። ይጣራል... ይስላል... ደግሞ ይጣራል።

ያን ሳል አውቀዋለሁ።

ኤምሪስ ነው።

ከጎኔ ያለውም ቢጫ ሸሚዝ ለብሷል።

እጄን ልነጥቀው ሞከርኩ። ጠበቅ አደረገው። ጆሮዬ ሥር ተጠጋና በኤምሪስ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ...

«ማነው እሱ?»

እጄን ደግሜ ሳብኩት።

«ስምሽን ከየት አወቀው?»

ፊቱን አየሁት። ቅናት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እንደዚያ የቀና ፊት ግን አይቼ አላውቅም።

ተመልሼ ወደ ታች ሳይ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰው የለም። ቢጫ ሸሚዝ ብቻ ብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል።