ለኮረኮንች የተነፈሰ ጎማ

«በቃ፣ ዝጊው። ከዚህ በላይ ካስተነፈስሽው ጎማ ሳይሆን ካልሲ ነው የሚሆነው» አላት አባቷ።

ብሎን ምስማሯን ከጎማው መተንፈሻ ላይ አነሳች። «ብሎን» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሞተር ሳይክሉን ሲፈታ ብሎኖቹን በመዳፏ ይዛ አጠገቡ የምትቆመው እሷ ናት። ዛሬም ግቢው ውስጥ ተንበርክካ የሁለቱንም ጎማዎች አየር ስትቀንስ ቆየች። ለአስፋልት ጎማ ይወጠራል፤ ለኮረኮንች ግን ድንጋዩን እቅፍ እንዲያደርግ ትንሽ ይተነፍሳል። ነገ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተራራውን ይወጣሉ፣ ድንኳን ተክለው ያድራሉ፣ እሁድ ይመለሳሉ። ጉዞው ስንት ጊዜ እንደተላለፈ መቁጠር ካቆመች ቆይታለች። አባቷ በሞተር ዕቃ አድራሽ ነው፤ ስልኩ ከጮኸ ይሄዳል፤ ስልኩ ደግሞ መጮህ አይሰለቸውም።

እናቷ በመስኮት ብቅ ብላ ክምሩን አየች፤ ድንኳን፣ ሸራ፣ ድስት፣ ፋኖስ፣ ብርድ ልብስ። «ተራራ ነው የምትሄዱት ወይስ ቤት እየለቀቃችሁ ነው?»

«ሞተሩ ካልቻለ እኛ እንሸከመዋለን» አለ አባቷ።

ቀልዱ እንደወትሮው ነው፤ ድምፁ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ዓይኖቹ ሥር የተንጠለጠሉት ከረጢቶች ያን ሁሉ ጓዝ ከነድንኳኑ ይይዙ ነበር።

ብሎን ትምህርት ቤት ክፍሏ ውስጥ ስለ ጉዞው ያላወራችው ነገር የለም። ጫፉ ላይ ደመናው ከእግር በታች ስለሚቀር፣ ጠዋት ጎንበስ ብለው በደመና ፊታቸውን እንደሚታጠቡ ሁሉ ተናግራለች። ወሬ ስለማታሳድር «ጣቢያ» የተባለችው ጓደኛዋ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ አሰራጭታዋለች። «ፎቶ ከሌለ ግን ሰኞ አለቀልሽ፤ ጉረኛ ተብለሽ ነው የምትቀሪው» ብላታለች።

አባቷ ሸራውን እያጠፈ አዛጋ። አዛግቶ ሳይጨርስ ሌላ አዛጋ።

«አባዬ፣ ደክሞሃል እንዴ?»

«እኔ? እኔ እኮ ተኝቼም እነዳለሁ። ነግሬሽ የለ? ድልድዩ ጋ ስደርስ ጭልጥ አልኩ። ሞተሩ ራሱ መንገዱን ይዞ ሄደ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆመ፣ ትራፊኩ መጥቶ መንጃ ፈቃድ ሲል የራሱን አውጥቶ አሳየው።»

ይህን ከትናንት ወዲያ እራት ላይ ሲያወራው ስቃ ትን ብሏት ነበር። አሁንም ፈገግ እያለች የድንኳኑን ገመድ መሪው ላይ ልታስር እጇን ዘረጋች።

የመሪው እጀታ ጫፍ ተቦጭቋል። የተቦጨቀው ቦታ ላይ ቢጫ ቀለም አለ። የፍሬኑም እጀታ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

ቢጫውን ታውቀዋለች። በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ የምታልፈው የድልድዩ አጥር ቀለም ነው። ትናንት ጠዋት አጥሩ ላይ ረጅም ጭረት ሲያዩ ጣቢያ «ቤት የሚያክል መኪና ነው የላጠው፤ ሾፌሩ እስካሁን ወንዙ ውስጥ እየተፈለገ ነው» ብላ ነበር።

«አባዬ፣ ያ የድልድዩ ነገር መቼ ነው የሆነው?»

«የቱ?»

«ሞተሩ ራሱ የነዳው።»

ሸራውን ማጠፍ አቆመ። ጣቷ የት እንዳረፈ አየ።

«ረቡዕ» አለ ቀስ ብሎ። «ትንሽ ነው የነካሁት። ለእናትሽ ግን...» አልጨረሰውም። «ነገ እንሄዳለን። ቃሌ ነው። አሁን ትንሽ ጋደም ልበልና የቀረውን እናስራለን።»

ድንኳኑ ላይ ጋደም አለ። ጭንቅላቱ ገና ሳያርፍ እንቅልፉ ቀድሞት ተኝቶ ነበር።

ብሎን ቆማ አየችው። ነገ ከኋላው ተቀምጣ ወገቡን ስትይዝ፣ የራስ ቁሩ ወደ ደረቱ ዘንበል ሲል ታያት። ተራራው ላይ ቢጫ አጥር የለም።

ስልኳ ነዘረ። ጣቢያ ናት፦ «ደመናውን እንዳትረሺ»።

ሰኞን አሰበችው፤ ገና ሳይመጣ ደከማት። «አንሄድም» ብላ ላከች። ስልኩን ኪሷ እስክትከት ወሬው የትምህርት ቤቱን አጥር ዘሎ ሳይገባ አልቀረም።

ከግቢው ጥግ የእግር ፖምፓውን ጎትታ አመጣች። ፖምፓው አሮጌ ነው፤ ሳል እንደያዘው አህያ ያቃስታል። ከፊተኛው ጎማ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አባቷ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«አየር እየሞላሁ።»

«ለኮረኮንች እኮ...»

«ደርሰናል አባዬ። አንተ ተኝተህ ሞተሩ ራሱ አወጣን።»

ብሎን ፖምፓውን ደጋግማ ረገጠች። አባቷ መልሶ የተኛ መስሏት ነበር።

«ትራፊኩስ?» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ሰለል ብሎ።

«መንጃ ፈቃዱን አይቶ አሳለፈን። ተኛ።»

አባቷ የሸራውን ጫፍ ስቦ ዓይኑ ላይ ጣል አደረገ። ብሎን ጎማውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ለአስፋልት ገና ነው። እግሯን መልሳ ፖምፓው ላይ አሳረፈች።