ከሰሌዳው ግርጌ የቀረ ቃል

የፓምፕ ሠራተኛው ኦቦ ተሬፋ ሞተው የተገኙት ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ከአምቦ ወደ ጉደር መውጫ ላይ ባለው የአቶ ፍጹም ፍል ውሃ ቤት፣ የፓምፑ ጉድጓድ ውስጥ። ቁስል የላቸውም። የተኙ ይመስሉ ነበር። የዚያ አገር ውሃ ከነጋዙ ነው የሚፈልቀው፤ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ጋዙ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ የወረደበትን ሰው ያስቀራል።

የዱሬቲ የልጅ ልጅ ለንሳ ጩኸቱን ሰምታ ሮጣ ሄደች፤ ተመልሳ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና አያቷን «አኮ፣ ኦቦ ተሬፋ ሞቱ» ብላ ደግማ ወጣች። ዱሬቲ አላለቀሰችም። እጇ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ቦርሳውን ከፈተ፣ የለንሳን የፕሮግራም መጻፊያ ገመድ አወጣ፣ ወስዶ የጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀበረው።

ጋዙን የሚለካውን ሳጥን ከሁለት ወር በፊት የሠራችው ለንሳ ናት። አየሩ ደኅና ሲሆን አረንጓዴ ያበራል፤ ጋዝ ሲበዛ ይጮሃል፣ ፓምፑንም ያቆማል። ቀድሞ ኦቦ ተሬፋ ማጣሪያውን ሊያጸዱ ሲወርዱ የበራ ፋኖስ በገመድ ያወርዱ ነበር፤ ፋኖሱ ከጠፋ አይወርዱም። ሳጥኑ ከመጣ ወዲህ ፋኖሱ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ሸረሪት አድርቶበታል።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሲንቄ ሰው ሲያናግራት ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። ቀትር ላይ ሳጥኑን ወደ ጉድጓዱ አወረደችው። ጮኸ። ፓምፑም ቆመ።

«ጠዋትስ ጮኾ ነበር?»

«ጭጭ ብሎ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ምስክር ነው» አለ ፍጹም። «አረንጓዴው በርቶ ነው ያገኘኋቸው።»

«ታዲያ ጠዋት ዲዳ የነበረውን ማን አፍ ሰጠው?»

ፍጹም በአገጩ ወደ ለንሳ አመለከተ። «ፕሮግራሙ ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው። ስህተቷን አይታ ትክክለኛውን ሞልታበት ይሆናላ። ቦርሳዋን አንግታ መጥታ ሳጥኑን ስትነካካ አይቻታለሁ።»

ሲንቄ ወደ ለንሳ ዞረች። «ፕሮግራሙን መቀየር የሚፈልግ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ከኮምፒውተር ወደ ሳጥኑ ገመድ ይሰካና ሳጥኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ይጫናል። ቺፑ ለጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል። በገመዱ የመጣለትን በአሮጌው ላይ ይጽፈዋል።»

«አሮጌው ሁሉ ይጠፋል?»

«በዚህኛው አይጠፋም። የሚጠፋው አዲሱ እስከደረሰበት ብቻ ነው።»

«ገመድሽስ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አሁን የለም።»

ይቺ ልጅ በገዛ አፏ ራሷን እያሰረች ነው፣ አለች ከጎኗ የቆመችው ዱሬቲ በሆዷ። ቀና ስትል ሲንቄ የእሷን ጥፍሮች እያየች ነበር።

«አዴ፣ ዛሬ ጤፍ ሲያበጥሩ ነበር እንዴ?»

«እ… አዎ። ትንሽ።»

ሲንቄ ሌላ አልጠየቀችም።

ከፍል ውሃ ቤቱ አጠገብ የኦሊቃ ሱቅ ነው። የፓምፑ ኤሌክትሪሺያን እሱ ነው፤ ሬሳውን ከጉድጓድ ያወጣውም እሱ። በትርፍ ጊዜው የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ይሠራል። ዱሬቲ ከለንሳ አልነጠልም ብላ ተከትላ ገባች፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ብቻህን ነበርክ ከሟቹ ጋር?» አለች ሲንቄ።

«ሩብ ሰዓት ያህል። ጋሽ ፍጹም ሰው ሊጠራ ሮጦ ነበር።»

ሲንቄ ወደ አንዱ መፈልፈያ ጎንበስ አለች። በትንሿ ስክሪኑ ላይ በኦሮምኛ፣ በቁቤ ተጽፏል።

«ሀንቃቁ ገረገልቺ» ብላ አነበበች። «እንቁላሉን ገልብጥ።»

«ዶሮ ብትሆን ሳይነገራት ታውቃለች፤ ሰው ነው የሚረሳው» አለ ኦሊቃ። «ደንበኞቼ ሲነጫነጩብኝ ባለፈው ሳምንት ፕሮግራሙ ላይ የጨመርኩት ነው።»

«ቺፑ ከለንሳ ሳጥን ጋር አንድ ዓይነት ነው?»

«አንድ ነው። ከአንድ ሱቅ ነው የምንገዛው።»

«ስትጽፍበት ተሳስተህ አታውቅም?»

«ጥንቁቅ ነኝ እኔ። ያለውን ቀድቼ ሳላስቀምጥ አዲስ አልጽፍም።»

ሳጥኑ ለምርመራ አዲስ አበባ ሄደ። ለንሳ ጣቢያ አደረች፤ ዓርብ ፍርድ ቤት ትቀርባለች ተባለ። ዱሬቲ ምግብ ታመላልሳለች። «ብርድ ልብሱ ይበቃሻል? ውሃ ጠጣሽ?» ትላለች፤ ድምጿ ከሩቅ ይሰማታል። አንድ ጥያቄ ብቻ አልጠየቀችም።

ዓርብ ማለዳ ሲንቄ ሁሉንም ጉድጓዱ አጠገብ ሰበሰበች። ለንሳ ከአንዲት ፖሊስ ጋር ቆማለች።

«ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል» አለች ሲንቄ። «ሰሌዳው እስከ ግርጌ ተጽፎበታል እንበል። አጭር ነገር የሚጽፍ ሰው የሚያጠፋው የሚበቃውን ያህል ነው፤ ከግርጌ ያለው ይቀራል። ቺፑም እንደዚያው ነው። የለንሳ ፕሮግራም አጭር ነው። ከሱ ቀጥሎ ግን ከሌላ፣ ከረጅም ፕሮግራም የተረፈ ጭራ ተገኘ።» ወረቀት ዘረጋች። «ሀንቃቁ ገረገልቺ ይላል።»

ወረቀቱን ወደ ኦሊቃ አዞረችው።

«ጋዝ የሚለካ ሳጥን እንቁላል ምን ያደርግለታል? የመፈልፈያው ፕሮግራም ሞተር ያዞራል፣ አረንጓዴ ያበራል። እዚህ ሳጥን ውስጥ ሲገባም ፓምፑን ያስነሣል፣ አረንጓዴ ያበራል፤ ጋዝ የሚባል ነገር አያውቅም።»

«አሮጌ ቺፕ ከኔ ወስዳ ይሆናል» አለ ኦሊቃ።

«ሳጥኑ የተተከለው ከሁለት ወር በፊት ነው። ቃሉን የጨመርከው ባለፈው ሳምንት ነው፤ አንተው ነገርከኝ።»

ኦሊቃ ወደ ፍጹም ዞረ። ፍጹም መሬት መሬት ያያል።

«ጠዋት ጠዋት ፓምፑ እየቆመ ታጣቢው ሲሄድብኝ ሰኞ ዕለት እንዳይቆም አድርግ አልኩት» አለ ፍጹም። «እንዴት እንደሆነ አልጠየቅኩም።»

«ጥንቁቅ ሰው ነውና የለንሳን ፕሮግራም ቀድቶ አስቀመጠ» አለች ሲንቄ። «ሰውየው ሲሞቱ በዚያች ሩብ ሰዓት መልሶ ጻፈው። ኦሊቃ፣ ሰኞ ስትቀይረው ቸልተኛ ነበርክ። ማክሰኞ ስትመልሰው ግን በማን ላይ እንደሚወድቅ ታውቅ ነበር።»

«ኦቦ ተሬፋ ሊያጸዱ ከመውረዳቸው በፊት እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር» አለ ኦሊቃ። «እንቅልፍ ጣለኝ።»

ሲወስዱት ሲንቄ ወደ ዱሬቲ ቀረብ አለች። «ገመዱ ጤፉ ውስጥ ነው አይደል፣ አዴ? ገመዱ ጠፍቶ ሁሉ ለንሳን ስለጠረጠረ ነው ኦሊቃ ያን ዕለት እንዲያ ዘና ብሎ ያወራኝ። ለዚህ ነው ሳልጠይቅ የተውኩዎት።»

ለንሳ ሰማች። «መቼ ነው የደበቅሽው?»

«ገና መሞታቸውን እንደነገርሽኝ።»

«ማንም ምንም ሳይለኝ?» ለንሳ አያቷን አየቻት። «አኮ፣ እኔ ነኝ ብለሽ ነበር?»

ዱሬቲ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤት አመራች።

ቤት ገብታ ክንዷን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ሰደደች። ገመዱን አወጣች፤ መሰኪያው ውስጥ የገባውን ጤፍ ፍሬ በፍሬ በመርፌ ለቅማ ለለንሳ ሰጠቻት። ለንሳ «ገለቶሚ» ብላ አመሰገነቻት፣ ለጎረቤት እንደሚባለው። ገመዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቦርሳውን እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ላይ አልጣለችውም፤ ይዛው ወደ መኝታዋ ገባች።