ተምሮ የሚናገር አይቆጠርም

«ቲቸር፣ አራተኛውን ጥያቄ ለምንድነው ኤክስ ያደረጉብኝ?» ቀጮ የፈተና ወረቀቷን ከፍ አድርጋ ይዛ ቆመች።

የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህሩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። ጥያቄው «በዓለም ላይ ከሁሉም የሚበልጥ ተናጋሪ ያለው ቋንቋ የትኛው ነው?» የሚል ነበር። ቀጮ «እንግሊዝኛ» ብላለች። አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ሚጢጢ ደግሞ «ማንደሪን ቻይንኛ» ብላ ማርኳን አግኝታለች።

«የሚቆጠረው አፉን የፈታበት ሰው ብቻ ነው» አለ መምህሩ። «ተምሮ የሚናገር አይቆጠርም።»

«ጥያቄው እኮ ‹ተናጋሪ› ነው የሚለው፤ ‹አፍ መፍቻ› አይልም። ተምረው የሚናገሩት ከተደመሩ እንግሊዝኛ ይበልጣል።»

መምህሩ ክርክር ሲረዝምበት ሦስተኛ ሰው መጥራት ይወዳል። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ ወደ ሚጢጢ ዞረ።

ቀጮ ያለችው ለሚጢጢ በደንብ ገብቷታል። ሌላም ነገር ገብቷታል። ከክፍላቸው ለጥያቄና መልስ ውድድር የሚላከው በዚህ ፈተና አንደኛ የወጣ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፈተናውን የደፈነችው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ቀጮ ይቺን አንድ ማርክ ካገኘች እኩል ይሆኑና በመለያ ጥያቄ ይፋጠጣሉ። በቃል ጥያቄ ቀጮ እሳት ናት።

«ቲቸር ልክ ናቸው» አለች።

ቀጮ ተቀመጠች። የመውጫ ደወል ተደውሎ ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብላ «አሪፍ ጓደኛ ነሽ» አለቻት።

«እሳቸው ናቸው እኮ ያሉት።»

«አንቺም ብለሻል» አለችና ጥላት ሄደች።

የሚጢጢ እናት ልብስ ሰፊ ናት። ሲንጀሯን ያቆመችበት ክፍል በሩ ወደ መንገድ ነው። ሚጢጢ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አሮጌ ስፌት ትፈታለች፣ ትተኩሳለች። ያን ቀን አንድ ሹፌር ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነበር።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ እግርሽን ልለካ» አለችው እናቷ፣ ሜትሯን ከአንገቷ እያወረደች።

ሹፌሩ ሳቀ። «እመቤት፣ እኔ እኮ ወንድ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ፂምሽ ይታያል።»

እናቷ ተድራ የመጣችው ከሩቅ ነው። አፏን የፈታችበትን ቋንቋ የሚናገሩት ሰዎች ሁሉ ቢሰበሰቡ አንድ ስታዲየም አይሞሉም። በዚያ ቋንቋ «ና» እና «ነይ» አንድ ቃል ስለሆነ፣ ሰፈሩን በሙሉ ሴት አድርጋዋለች፤ ፖሊሱንም፣ ሥጋ ሻጩንም፣ የሚጢጢን አባትም ሳይቀር። ሰው ይስቃል። እሷ ግን በዚሁ ቋንቋ ትከራከራለች፣ ትቀልዳለች፣ ሲያስፈልግም ታፋጃለች።

ሹፌሩ እናቷ የማትሰማ ይመስል ወደ ሚጢጢ ጎንበስ አለ። «እናትሽ ቋንቋ አትችልም ማለት ነው?»

«በምን እያወራችዎት ነው ታዲያ?»

«እሱማ የተማረችው ነው። የራሷ አይደለማ።»

«የማን ነው እና? ተውሳው ነው? ትመልሰው?»

«ተያት አንቺ፣ ደንበኛ ነች» አለች እናቷ፣ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች።

ሚጢጢ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ሹፌሩ ያለው ነገር ጠዋት መምህሩ ካለው አንድም አይለይም። ልዩነቱ፣ ጠዋት እሷው ራሷ «ልክ ናቸው» ብላ ማጽደቋ ነው። እዚያው ቦታ ላይ ካውያውን ስትመላልስ ጨርቁ መሽተት ጀመረ።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናቷ። ከልጇ ጋር ስታወራ ሰዋስዋ አንድም እንከን የለበትም።

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነች ሰው ጨርቅ አታሳርርም።»

ሚጢጢ ካውያውን አቆመችው። «ነገ ቲቸርን አናግራለሁ። ካናገርኳቸው ግን የቅዳሜው ውድድር ሳይቀርብኝ አይቀርም።»

እናቷ መርፌውን ከአፏ አወጣች። «ከቀረብሽ ቅዳሜ ቁልፍ ትተክይልኛለሽ» አለችና ወደ ሱሪው ተመለሰች።

በማግስቱ ሚጢጢ የመምህራኑን ክፍል ስታንኳኳ መምህሩ ዳቦ እየገመጠ ነበር።

«ስለ አራተኛው ጥያቄ ነው የመጣሁት።»

«ያንቺ ልክ ነው እኮ። ምን ጎደለሽ?»

«የጓደኛዬም ልክ ነው» አለችና፣ ተቀመጪ ሳትባል ወንበር ስባ ተቀመጠች።