አርባ አንድ ጊዜ «አመለጠው»

ምንያህልን ሁለት ወር ሙሉ አኩርፌው ነበር። ኩርፊያ ላይ ጎበዝ ነኝ፤ አባቴ ጉተማም ይመሰክርልኛል። ጠዋት ቢሮ ሲገባ «ቢፍቱ፣ ደህና አደርሽ?» ይለኛል፤ እኔም ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሣ «ይመስገን» እላለሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ቃል የለም።

የተዋወቅነው ከዓመት በፊት መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ከመጣ ገና ሳምንቱ ነበር።

«ይሄ ሰልፍ የሲግናል ነው?» አለኝ።

«ሲግናልማ በእግር ነው» ብዬ ሳቅኩበትና አብረን ሄድን። ብዙም አላወራንም፤ ግን አስፋልት በተሻገርን ቁጥር መኪና ወደሚመጣበት በኩል እየዞረ ይሄድ ነበር። አንድ ሕንጻ በር ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ቆምን። ለካ ለሁለታችንም የመጀመሪያ የሥራ ቀን ኖሯል።

ሥራችን ለሰው ሲነገር ቀልድ ይመስላል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አሥራ ስድስት ሆነን ቀኑን ሙሉ የቤዝቦል ቪዲዮ እናያለን። ደንበኛችን ውጭ አገር ያለ የኮምፒውተር ጌም ሠሪ ነው። እያንዳንዷን አጭር ቪዲዮ አይተን የሆነውን እንመርጣለን፤ ተመታ፣ ተያዘ፣ አመለጠ እያልን። የጌሙ ተጫዋቾች ችሎታ የሚሰላው እኛ ከመረጥነው ነው። ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ከመካከላችን ቤዝቦልን በአካል ያየ አንድም ሰው የለም።

ምንያህልን በዚያ ዓመት ውስጥ ወደድኩት። ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ካረፈች ጀምሮ ቤት ውስጥ እኔና አባዬ ብቻ ነን፤ ስለዚህ ለአባዬ ነገርኩትና እሁድ ምንያህል እንዲመጣ ተቀጠረ። ቤታችን ከፈረንሳይ ሰፈር ታክሲ መጨረሻ በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ነው። ግድግዳው ሳይቀር አጠብኩ። አባዬም ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ የሚለብሰውን ካፖርት ለበሰና «ዕድር ደርሼ ልምጣ» ብሎ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ።

ምንያህል ግን አልመጣም። አሥር ሰዓት ላይ «ይቅርታ፣ ዛሬ አልመጣም» የሚል መልእክት ላከልኝ። አባዬ ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀምጦ «ሥራ ገጥሞት ይሆናላ» አለኝ። ለእኔ አዝኖ መሰለኝና ይብስ ተቃጠልኩ።

ሰኞ ዕለት ምንያህል «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። ከዚያም ኃላፊያችን ኩልሱም ቅዳሜ ቅዳሜ ላምበረት፣ የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሲሳፈር እንደምታየው ነገረችኝ። ደብረ ብርሃን ሌላ ሴት አለችው ብዬ ደመደምኩ። ሁለት ወር ሊሞላን ሲል ሐዋሳ ያለው ቢሯችን ሰው ስለፈለገ ስሜን ሰጠሁ። ዝውውሩ የሚጸድቀው ዓርብ ነበር።

በዚያው ሳምንት ደንበኛው ጌሙ ከመውጣቱ በፊት እኛው ቡድን መሥርተን አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን እንድንጫወትበት፣ ስህተት ካለም እንድናወጣ ጠየቀ። ኩልሱም ስማችንን በወረቀት ጽፋ ሁለት ሁለት እያደረገች ዕጣ አወጣች። የእኔ ዕጣ ማን ላይ እንደወደቀ መናገር አያስፈልግም።

«ኩሉ፣ ቀይሪልኝ» አልኳት።

«ዕጣ ይቀየራል እንዴ? ሰኞ ውድድር ይጀመራል። እስከ ዓርብ ቡድናችሁን አስገቡ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቀረን ተቀባዩን መምረጥ ብቻ ነበር። ተቀባይ የምንለው ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የተወረወረውን ኳስ የሚቀበለውን ነው። ኳሱ ካለፈው ተጋጣሚ ሮጦ ነጥብ ያገባል። ሦስት ሰዎች ነበሩን። ስምንት ቁጥር መምታት ላይ አንበሳ ነው፣ መቀበል ላይ ግን ግድ የለውም። አሥራ አራት ቁጥር አያመልጠውም፣ ግን አርጅቷል፤ ጉልበቱ ዘመኑን አይጨርስም። ሃያ ሰባት ቁጥር ወጣት ነው፤ አርባ አንድ ጊዜ አምልጦታል፤ ከሊጉ የመጨረሻው ነው።

«ሃያ ሰባትን እንውሰድ» አለ ምንያህል።

«ያምሃል? አርባ አንድ እኮ ነው!» በሁለት ወር ውስጥ ያወራሁት ረጅሙ ንግግር ይሄ ነበር።

«ቁጥሩን ተይውና ቪዲዮውን እይ።»

ከፈተው። ኳሱ መሬት ነጥሮ መጣ። ሃያ ሰባት በጉልበቱ ወደቀ፣ ኳሱ ደረቱን መታውና እዚያው ከፊቱ መሬት ላይ ቀረ።

«ሊሮጥ የተዘጋጀውን ሰውዬ እይው» አለ። «ሮጠ?»

«አልሮጠም።»

«ለምን?»

«ኳሱ እዚያው ፊቱ ስላለ።»

«ታዲያ አመለጠው?»

ሁለተኛውን ከፈተልኝ፣ ሦስተኛውን፣ አሥረኛውን። ሰውየው ኳሱን በደረቱ፣ በትከሻው፣ አንዴም በአንገቱ ያስቆመዋል። በጓንቱ አልያዘውም እንጂ አንድም ኳስ አላለፈውም። በመጀመሪያው ወር «በሰውነቱ አገደ» የሚል ምርጫ አልነበረንም፤ ጓንት ውስጥ ያልገባውን ሁሉ «አመለጠ» እል ነበር። አዎ፣ እል ነበር። ከሥር የመዘገበው ሰው ኮድ ይታያል። አርባ አንዱም የእኔ ነው።

ፊቴ ጋለ። «መቼ አወቅክ?»

«ዕጣው በወጣ ማግስት።»

«ለኩልሱም ለምን አልነገርካትም?»

«አንቺው ብታስተካክይው ይሻላል ብዬ ነዋ።»

እጁን አየሁት። ጠረጴዛው ላይ ካለው እጄ አንድ ስንዝር አይርቅም፤ ሊያስጠጋውም አልሞከረም። ሁለት ወር ያፈንኩት ጥያቄ ድንገት ወጣ።

«ያን እሁድ ለምን ቀረህ?»

ቪዲዮውን ዘጋው። «ቃል አለብኝ» አለ። «አባትሽን ጠይቂያቸው።»

ከፈረንሳይ ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። አባዬ ከደን ጥበቃ ሥራው ተመልሶ በር ላይ ጫማውን እያራገፈ ነበር።

«አባዬ፣ ምንያህልን አግኝተኸው ታውቃለህ?»

«ኢንተላ ኮ» አለኝ። በኦሮምኛ «ልጄ» ካለኝ ጥፋት አለበት ማለት ነው። «ያን እሁድ ታክሲ መጨረሻ ላይ አገኘሁት። በአንድ እጁ ሙዝ፣ በአንድ እጁ ብርቱካን ይዞ፣ አዲስ ጫማውን ጭቃ በጭቃ አድርጎ "የአቶ ጉተማ ቤት የት ነው?" አለኝ። "ጉተማ እኔ ነኝ" ስለው ሙዙን ጣለው።»

«ከዚያስ?»

«መለስኩታ! ሽማግሌ ሳይልክ ብቻውን ይመጣል? ጎረቤት ምን ይላል? "ሽማግሌ ይዘህ ና። እኔ እንደመለስኩህ ግን እንዳትነግራት" አልኩት።»

«ለምን እንዳይነግረኝ?»

«ብታውቂ የምታኮርፊው እኔን ነዋ! ያለነው ሁለት ሰው፣ አንዱ ካኮረፈ ቤቱ ምን ይሆናል?» ጫማውን አስቀመጠ። «ደግሞ ኩርፊያሽን ይችለው እንደሆነ ልየው ብዬ ነው። እናትሽ ነፍሷን ይማረውና፣ እኔም የእሷን ችዬ ነው የኖርኩት።»

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው።

ዓርብ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁና አርባ አንዱንም አንድ በአንድ አስተካከልኩ። ሃያ ሰባት ቁጥር ከሊጉ መጨረሻ ተነሥቶ ሁለተኛ ሆነ። ኩልሱም ስትመጣ ስህተቱ የእኔ እንደነበረ ነገርኳትና ስሜን ከሐዋሳው ዝርዝር እንድታወጣው ጠየቅኳት። «እሱም እንደ ዕጣው ነው» አለች፤ ግን እየሳቀች ሰረዘችው።

ምንያህል ሲገባ ቀድሜ «ደህና አደርክ?» አልኩት። ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ቆመ።

«ይመስገን» አለ።

«እንዳልቀጣህ!»

ሳቀ። ያን ሳቅ ምን ያህል እንደናፈቅኩት ያወቅኩት ያኔ ነው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሄደው ለሽማግሌ ነበር?»

«አባት የለኝም፤ ያለኝ አጎቴ ነው። "ልጅቷ ትወድሃለች?" ይለኛል። "ደህና አደርሽ ስላት ይመስገን ትለኛለች" እለዋለሁ። ታዲያ በዚህ እንዴት እሺ ይበለኝ?»

«አሁንስ?»

«ባለፈው ቅዳሜ ሰለቸሁትና እሺ አለ። እሁድ ይመጣሉ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ካንቺ ሳልሰማ አላመጣቸውም።»

«ይምጡ» አልኩት። «እወድሃለሁ፤ ይምጡ።»

እሁድ አጎቱ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከደብረ ብርሃን መጡ። እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አባዬ ያንን ካፖርት ለብሷል። እኔ ጓዳ ሆኜ አዳምጣለሁ። አጎቱ የልጁን ጨዋነት መዘርዘር ሲጀምሩ አባዬ አቋረጣቸው።

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ልጁን ሁለት ወር ሙሉ ሳየው ነው የከረምኩት።»

«እንዴ! የት አይተውት?» አሉ አጎቱ ተገርመው። «አንድ ቀን ብቻ ነው የተገናኘነው ብሎኝ ነበር።»

«በየቀኑ ማታ ማታ» አለ አባዬ። «ልጄ ፊት ላይ። ቃሉን ቢያጥፍ ኖሮ ኩርፊያዋ ወደ እኔ በዞረ ነበር።»

ጓዳ ውስጥ የያዝኩትን ሰሃን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩና ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።