አንዷ ኩላሊት

በሽተኛው የሞተው ዶክተሩ «ድኗል» ባለ በሦስተኛው ቀን ነው። ባለ አንድ ኩላሊት ነበር፤ ሌላዋን ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቷል። በቀረችው ላይ ካንሰር ሲገኝ ዶክተሩ አውጥቶ መጣሉን አልፈለገም፤ ቀጭን መርፌ በጀርባው አስገብቶ ዕጢውን ብቻ በቅዝቃዜ ገደለው። ኩላሊቷ ተረፈች። ሰውየው ግን ምሳውን እንደበላ ልቡ ቀጥ አለ።

መርማሪዋ ብዙ የማትናገር፣ ሲዋሿት ግን ወዲያው የሚገባት ሴት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችው ዶክተሩን ነው።

«መርፌው ይሆን?»

«የተወጋበት ቦታ ጠብታ አልደማም። ደሙ ውስጥ ፖታሲየም ሞልቷል። ከሕክምናው በኋላ ኩላሊት ለጥቂት ቀን ይዳከማል፣ ማስወገድ ያቅተዋል። ያ ደግሞ ልብ ያቆማል።»

ፖታሲየሙ ሚስቱ ከቤት ባመጣችው የሾርባ ፔርሙዝ ውስጥ ተገኘ። ሁሉም ጣቱን እሷ ላይ ቀሰረ፤ ልትታሰር ሰዓታት ቀሯት።

«ጨው ሲከለክሉት አልበላም አለኝ» አለች እያለቀሰች። «የጨው ምትክ ጨመርኩለት። ለጤና ጥሩ ነው ተባልኩ።»

«ማን አለሽ እህቴ?»

«ዋርሳዬ። ‹እኔም የምበላው ይሄንኑ ነው› ብሎ ራሱ ገዝቶ ሰጠኝ።»

መርማሪዋ የታናሽየውን ወጥ ቤት አይታ ስትመለስ ሦስቱንም ዶክተሩ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተር፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው የጨው ምትክ ቢበላስ?»

«ፖታሲየም እኮ ነው፣ መርዝ ይሆንበታል። ደማቸውን በማሽን የሚያሳጥቡትን መጀመሪያ የምናስጠነቅቀው ስለዚህ ነው።»

ወደ ታናሽየው ዞረች። «አንተ ኩላሊት እስክታገኝ ሁለት ዓመት ደምህን በማሽን አሳጥበሃል። የተከለከሉ ምግቦች ዝርዝር እስከ ዛሬ ማቀዝቀዣህ ላይ ተለጥፏል፤ የጨው ምትክ የሚለውን በቀይ አስምረህበታል። ምድጃህ አጠገብ ያለው ተራ ጨው ነው። ታዲያ ለምን ዋሸሃት? ደረሰኙ ለሷ በሰጠሃት ከረጢት ውስጥ ቀርቷል፤ የገዛኸው ‹ድኗል› በተባለ ማግስት ነው።»

«አሥራ አምስት ዓመት!» ብሎ ጮኸ። «ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ‹የሚሸናው በኔ ኩላሊት ነው› እያለ ሲያስቅብኝ! ያጨኋትን ልጅ እንኳ አልወደድኳትም ብሎ አስተወኝ። እምቢ ማለት አልችልም ነበር። ሲታመም ተገላገልኩ አልኩ። ዳነ!»

መርማሪዋ ለሴትዮዋ «ነፃ ነሽ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለቻት።

ሴትዮዋ አልተነሳችም። ዋርሳዋን ትኩር ብላ አየችው።

«በቃኝ ሲለኝ ‹በሞቴ› ብዬ ነው ያጎረስኩት» አለችው።