የአፍ ውርስ

ይህ ታሪክ እውነት ነው።

እውነት ነው ብሎ የሚጀምር ሁሉ እንደሚዋሽ አውቃለሁ። እኔም እንዲህ የሚል ጽሑፍ ሳይ ሳላነብ አልፍ ነበር። ይሄኛው ግን የሆነው በእህቴና በእናቴ ላይ ነው... በእኔም።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ልክ ቀን ስድስት ሰዓት ነበር፤ ፀሐይ አናት የምትበሳበት ቀትር። ቦታው ኮረብታ ላይ ያለች አንዲት የድንጋይ ጸሎት ቤት ናት።

እዚህ ገጽ ላይ የቆያችሁ ሰዎች ታውቁናላችሁ። እኔና ታናሽ እህቴ እየዞርን ሰው የሚሳለማቸውን ቦታዎችና የቦታውን ዜማ እናስጎበኛችሁ ነበር። እሷ ከአገሬው ጋር ታዜማለች። እኔ እቀርጻለሁ፣ ከዚያ በድምፄ እተርክላችኋለሁ።

"ለምን እንደ ድሮው በድምፅ አትነግረንም?" እያላችሁ ስትጨቀጭቁኝ ከረማችሁ።

መልሱ እዚሁ ውስጥ ነው።

እህቴን ድንቢጥ ነው የምንላት። ቁመቷም እንደ ወፏ ነው፤ ድምፅዋ ግን ቤት ይሞላል። እናታችን ዓይኗን ካጣች ወዲህ የምታውቀን በድምፃችን ነው። ድንቢጥ በር ላይ "እማዬ!" ስትል ፊቷ ወለል ይላል። ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ትንሽ ከሻከረ ግን ቀኑን ሙሉ ትብሰለሰላለች። "ዓይኔን የወሰደ አምላክ እሷን ተወልኝ" ትላለች፤ እሷን ስትል ድምፅዋን ነው።

እናቴ አንድ የአፍ ልማድ አላት። ደስ የሚል ነገር ከሰማች "ምነው ባወረስከኝ!" ትላለች። ለጎረቤት ሳቅም ሆነ ለሬዲዮ አንባቢ ድምፅ ይህንኑ ነው የምትለው። እኛም ከእሷ ወርሰነው፣ ያገኘነውን ሁሉ እንዲሁ ስናደንቅ አደግን።

እኔ ደግሞ ሲበዛ ተጸያፊ ነኝ። ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ ደጋግሜ ሳላጥብ አልጠጣም። ድንቢጥ "አንተ የምታገባው ሳሙና ነው" እያለች ትስቅብኛለች።

እናም እዚያች ጸሎት ቤት ስገባ ገና ከበሩ አፍንጫዬን ያዝኩ።

ግድግዳው ላይ ሰው የሚስመው ድንጋይ አለ። ከመሳም ብዛት ጎድጉዷል። የስንቱ ከንፈር ወዝ እንደሆነ እንጃ... ያብረቀርቃል። እርጥብ ነው። ሽታው ሳይደርቅ ታጥፎ የተቀመጠ ጨርቅ ሽታ ነው። ድንቢጥ ጎንበስ ብላ ሳመችው። እኔ የሳምኩ መስዬ አየሩን ሳምኩ።

ጥጉ ላይ ዜማዋን ልንቀርጽ የመጣንላት አሮጊት ተቀምጣለች።

ከንፈሯ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ዜማው ግን ይወጣል።

እንዲህ ያለ ዜማ ሰምቼ አላውቅም። ያባባል። ድንቢጥ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ መቅረጽ ጀመርኩ። ያኔ ነው መጀመሪያ ቅር ያለኝ...

ትንፋሽ የለም።

ማንም ሲያዜም ቆም ብሎ አየር ይስባል። አሮጊቷ አትስብም። በትንፋሹ ፋንታ ከዜማው ሥር አንድ ሌላ ድምፅ ይሰማኛል። እርጥብ ነገር የሚላወስ ድምፅ። ቀና ብዬ ሳያት ለካ መንጋጋዋ ይንቀሳቀሳል።

ታኝካለች።

ከአገሬው ሰው ይዘነው የመጣነው አስጎብኚያችን በሩ ላይ ቀርቶ ነበር። በእጁ ጠራኝና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"እንዳታደንቋት" አለኝ በሹክሹክታ።

"ምን?"

"ስሙና ውጡ። የሚያደንቃት አጥታ ነው እዚህ ያረጀችው።"

"ብናደንቃትስ?"

ዓይኑ በትከሻዬ በኩል ወደ ውስጥ ሄደ። ዜማው ቆሟል።

ዞር ስል ድንቢጥ አሮጊቷ ፊት ተንበርክካለች። በዚያ በለመደ አፏ፣ ከእናታችን በወረሰችው ለዛ፣ እንዲህ ስትል ሰማኋት።

"እማማ፣ ምነው ይህን ድምፅ ባወረሱኝ!"

የአሮጊቷ መንጋጋ ቀጥ አለ።

"ከልብሽ ነው?"

"ከልቤ ነው እንጂ" አለች እህቴ እየሳቀች።

እየሳቀች... አፏን ከፍታ።

አሮጊቷ ሁለት ጣቶቿን ወደ ጉሮሮዋ ሰደደችና አንድ ነገር አወጣች። ሰም ነው። ጥፍጥፍ፣ አመድማ፣ ጥርስ የተጫወተበት ሰም። ፀጉር ገብቶበታል። ነጭ ፀጉር፣ ጥቁር ፀጉር፣ የሕፃን የሚመስል ስስ ፀጉር። ከከንፈሯ ጋር ያያያዘው ለሀጭ እንደ ክር ተሳበ እንጂ አልተበጠሰም። እኔ "ተይ!" ከማለቴ እህቴ አፍ ውስጥ ከተተችው፤ አገጯንም በመዳፏ ደግፋ ዘጋችው።

እኔ ግድግዳውን ይዤ አስመለስኩ።

ስነሳ አሮጊቷ አፏን ከፍታ ወደ ጣሪያው ትስቃለች። ምንም ድምፅ የላትም። ጥርስ የሌለው ባዶ አፍ ብቻ ነው የሚታየው። አስጎብኚው የለም።

ድንቢጥን ጎትቼ አወጣኋት።

"ትፊው! አሁኑኑ ትፊው!"

ጎንበስ አለች፣ አሳላት፣ ጣቷን ከተተች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ የእህቴ ነው፣ የፈራች እህቴ።

"እምቢ አለኝ" አለች።

በአሮጊቷ ድምፅ ነው ያለችው።

ሲቀኙ ሰምና ወርቅ ይላሉ አይደል? እህቴ ወርቁን ተናገረች፤ አሮጊቷ ሰሙን ሰማች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም።

ከተማ እንደደረስን ጥርስ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ በመብራትም በመስታወትም አየ። "አፏ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለም" አለን። ይህን ሲለን እሷ ታኝካለች። እርጥቡ ድምፅ ለእኔ ይሰማኛል፤ ለእሱ አይሰማውም። መኪና ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ ስታኝክ ያ የረጠበ ጨርቅ ሽታ ይመጣል። መስኮቱን ከፍቼ ጭንቅላቴን አወጣለሁ። የገዛ እህቴን ተጸየፍኳት፤ እንዲህ መሆኔ ደግሞ ከሽታው ብሶ ያመኝ ነበር።

"ለእማዬ ምን እንላታለን?" ብላ በወረቀት ጻፈችልኝ። መናገር ትታለች።

"አትናገሪ። እስኪሻልሽ ድምፅሽን እንዳታሰሚያት።"

ቤት የገባነው እንደገና በቀትር ነው። እናቴ መስኮቱ ሥር ከወንበሯ ላይ ነበረች። እግራችንን ሰማች።

"ሁለት ናችሁ። ድንቢጥ?"

ድንቢጥ ከንፈሯን ነከሰች።

"እንግዳ ናት እማዬ" አልኩ። "ድንቢጥ መንገድ ላይ ናት... ትመጣለች።"

"ምነው ቆየች? ደውልልኛ፣ ድምፅዋን ልስማው።"

"እሺ።"

ውሃ ልቀዳላት ወደ ጓዳ ገባሁ። ብርጭቆውን እያጠብኩ ነው፤ እንደ ልማዴ እየደጋገምኩ...

ዜማው ተጀመረ።

ድንቢጥ ምናልባት መያዝ አቅቷት ይሆናል። ወይ ደግሞ እሷ አይደለችም ያዜመችው። ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። እየሮጥኩ ደረስኩ። እናቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ፊቷ በርቷል።

"አይ ልጄ!" አለቻት እንግዳ መስላት። "ምነው ይህን ድምፅ ባወረስሽኝ!"

የድንቢጥ መንጋጋ ቆመ።

ድንቢጥ ተነሳች። ጉንጯ ላይ እንባ ይወርዳል፤ ራሷንም "አይ፣ አይ" እያለች ትነቀንቃለች። እግሯ ግን ይራመዳል። እናቴ ላይ ጎንበስ አለች። አፏም ያንኑ ጠየቀ።

"ከልብዎ ነው?"

እናቷን አንቱ አለቻት።

እናቴ ፈገግ አለች። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ አውቀዋለሁ፣ ዕድሜ ልኳን ስትለው የኖረችው ነው። ሁለቱ ጣቶች ወደ እህቴ ጉሮሮ ገቡ። ያ ነገር ወጣ። ለሀጩ እናቴ ጭን ላይ ተንጠባጠበ።

"ማርያምን ከል..." ብላ ጀመረች እናቴ።

አፏን በእጄ ከደንኩት።

"እኔን!" አልኩ። "ለእኔ አውርሺኝ። ከልቤ ነው! ከልቤ!"

አንዳችሁም ይህን እንዳትቀምሱ። ይሞቃል። አፍ ውስጥ ሲገባ ራሱ ነው ወደ ምላስ ሥር የሚሄደው፤ ቦታውን ያውቃል። ጣዕሙ የድንጋዩ ነው፣ የዚያ የከንፈር ወዝ። ፀጉሩ ጥርሴ መሃል ይገባል። ምን ያህል ባስመልስ እሱ አይወጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ ብርጭቆ ማጠብ ትቻለሁ፤ ለምን አጥባለሁ?

ድንቢጥ ድናለች። ትበላለች፣ ትተኛለች። አፏን ስትከፍት ግን አየር ብቻ ነው የሚወጣው፤ ድምፅዋ ወደ እኔ መጥቷል። አሮጊቷ ለእሷ እንዳወረሰቻት እሷም ለእኔ አውርሳኛለች። የራሴ ድምፅ ደግሞ ሰሙ ውስጥ ሆኖ ከእኔ የሚወርሰውን ሰው ይጠብቃል።

ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ሥር አታድንቁኝ። ለጨዋነት ብላችሁም ቢሆን ያቺን ቃል እንዳትጽፉልኝ። እኔ አልፈልግም። ሰሙ ግን ያነባል መሰለኝ... ስልኬን ስከፍት ማኘኬ ይፈጥናል።

እናቴ ደስተኛ ናት። ዛሬ በቀትር አጠገቧ ተቀምጬ እጄን ያዘችኝ። ድንቢጥ ከፊታችን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታየናለች።

"ድንቢጥዬ፣ እጅሽ ሻካራ ሆነ" አለችኝ እናቴ። "የወንድምሽን እጅ መሰለ። እሱስ? ምነው ጠፋ?"

ከንፈሬን ገጥሜ ያዝኩ። በጥርሴ ነክሼ ያዝኩት።

ከተዘጋው አፌ ውስጥ የእህቴ ድምፅ ለስለስ ብሎ መለሰላት።

"መንገድ ላይ ነው እማዬ። እስኪመጣ ላዚምልሽ?"